ፖስታውና ደብዳቤው

ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ መሰብሰብ ይወዳል። ሕፃን ጠጠር ይለቅማል፤ እረኛው የጠርሙስ ቆርኪ በክር እየሰካ ያንጠለጥላል፤ ባለጠጋው ቤት በቤት ላይ ይደርባል። መሰብሰብ በራሱ ነውር አይደለም፤ ጎተራ የሌለው ገበሬ ክረምቱን አይሻገርምና። ነገር ግን ሰው "ይህን የምሰበስበው ለምንድን ነው?" ብሎ ራሱን ያልጠየቀ እንደሆነ፣ ውሎ አድሮ የዕቃው ጌታ መሆኑ ይቀርና ጠባቂው ይሆናል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የእኅቴ የልጅ ልጅ ነው። በቅርቡ አሰላ ሄጄ ሳለሁ ስልኩን ይዞ ወደ እኔ ቀረበና፣ "ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይመልከቱ። አሜሪካ ውስጥ የአንድ ኳስ ተጫዋች ሥዕል ያለበት አሮጌ ካርድ በ12 ሚሊዮን 600 ሺህ ዶላር ተሸጠ። እኔም ባጠራቀምሁት ገንዘብ እንዲህ ያለ አሮጌ ነገር ገዝቼ ባስቀምጥስ?" አለኝ። ወዲያው አልመለስሁለትም። እንዲያው "ተው" ብለው በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው እንደሚያፈሰው አውቃለሁ። ስለዚህ በእኔ ላይ የደረሰውን፣ ይልቁንም እኔ በሰው ላይ ያደረስሁትን፣ ልጽፍለት ቃል ገባሁ። ለእርሱ የጻፍሁትን ሌሎች ወጣቶችም ቢያነቡት የሚጠሉት አይመስለኝም።

እኔ ያደግሁት በጭላሎ ተራራ ሥር፣ በአሰላ ከተማ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 የስዊድን መንግሥት በገንዘብና በባለሙያ የረዳው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ ሥራውን በከተማችን ጀመረ። ድርጅቱ ለገበሬው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ይሰጥ፣ የወተት ላሞችንም ያዳቅል ነበር። ለእኔ ግን ካዱ ማለት ፖስታ ማለት ነበር። ስዊድናውያኑ ከአገራቸው ብዙ ደብዳቤ ይመጣላቸዋል፤ እነርሱ ደብዳቤውን አንብበው ፖስታውን ሲጥሉት፣ ተላላኪ የነበረው ጎረቤታችን ከቅርጫቱ ለቅሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ያመጣልኛል። እኔም ፖስታውን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፌ ቴምብሩን አስለቅቅና በጋዜጣ ላይ አስጥቼ አደርቀዋለሁ።

ከዚያ የሚቀጥለው ሥራዬ ግን የሞኝ ሥራ ነበር። የስንዴ ዱቄት አብኩቼ ቴምብሮቹን ሁሉ በደብተር ላይ ለጠፍኋቸው። ክረምቱ ሲመጣ ደብተሩ ሻገተ፤ ከዚያም ብልና አይጥ ተባብረው ዱቄቱን ሲበሉ ቴምብሩንም አብረው በሉት። እጅግ አለቀስሁ። ይሁን እንጂ አይጥ ያልበላው ነገር በአእምሮዬ ቀርቶ ነበር። ስዊድናውያን አገራቸውን "ስቬሪዬ" ብለው እንደሚጠሩ፣ የስዊዘርላንድ ቴምብር "ሄልቬቲያ" የሚል ስም እንደሚይዝ፣ እንግሊዞችም በ1840 በዓለም የመጀመሪያውን ቴምብር ያወጡ እነርሱ ስለ ሆኑ እስከ ዛሬ ድረስ በቴምብራቸው ላይ የአገራቸውን ስም እንደማይጽፉ ያወቅሁት ከዚያ ደብተር ነው። ያን ጊዜ ስለ ዋጋው አላሰብሁም ነበር። ደስታዬም ያን ጊዜ ሙሉ ነበር።

አድጌ ደመወዝተኛ ሆኜ አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ግን ስለ ዋጋ ማሰብ ጀመርሁ። አሮጌ ቴምብር በውጭ አገር በብዙ ገንዘብ እንደሚሸጥ ሰማሁ፤ ከሰማሁም በኋላ ቴምብር ሳይ ሥዕሉን ማየት ትቼ ብሩን ማየት ጀመርሁ።

እዚህ ላይ ወጣቱ አንባቢ የአሮጌ ነገር ዋጋ ከየት እንደሚመጣ እንዲያውቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው እርጅና ብቻውን ዋጋ የሚሰጥ ይመስለዋል፤ ይህ ስሕተት ነው። በ1840 የወጣው ያ የእንግሊዞች ጥቁር ቴምብር በዓለም ከሁሉ የቀደመ ቢሆንም ከ68 ሚሊዮን በላይ ስለ ታተመ፣ የዓለም ውድ ቴምብር አልሆነም። ዋጋ የሚመጣው ሦስት ነገር ሲገናኝ ነው፤ ይኸውም ዕቃው ጥቂት ሲሆን፣ አያያዙ ያማረ ሲሆን፣ ፈላጊው ደግሞ ብዙ ሲሆን ነው።

የእኅቴ የልጅ ልጅ ያሳየኝ ካርድ ለዚህ መልካም ምሳሌ ይሆናል። ካርዱን በ1952 ያወጣው ማስቲካ የሚሸጥ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ልጆች ማስቲካውን ከካርዱ ጋር ይገዙ ነበር፤ ካርዱንም በኪሳቸው ይዘው ሲቀያየሩ አጣጥፈውና ቀዳደው ጨረሱት። ኩባንያውም ያልተሸጠው ክምር መጋዘን ቢያጣብብበት በ1960 በመርከብ አስጭኖ ባሕር ውስጥ አስጣለው። በ2022 አንዱ ካርድ በ12 ሚሊዮን 600 ሺህ ዶላር የተሸጠው እንግዲህ ማንም ስላልጠበቀው ነው። ከዚህ ሽያጭ አስቀድሞም የአሮጌ ካርድ ዋጋ መወደድ ሲሰማ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሕዝቡ ሁሉ ካርድ እየገዛ በሣጥን ያከማች ጀመር። ኩባንያዎቹም ገበያው ሲደራላቸው ያለ ልክ አተሙ። ሁሉም ስለ ጠበቀው ካርዱ ሁሉ በእያንዳንዱ ቤት ተረፈ፤ ስለ ተረፈም ዛሬ አብዛኛው ዋጋ የለውም። ሀብታም እሆናለሁ ብሎ የሰበሰበው ሰው "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተትዋንም አላይ" እንደ ተባለው ሆኖ ቀረ።

ስለ ቴምብርም በወጣትነቴ አብዝቼ የማስበው አንድ ታሪክ ነበረ። ስዊድን በ1855 የመጀመሪያ ቴምብሮችዋን ስታወጣ የሦስት ሺሊንጉ ቀለም አረንጓዴ መሆን ሲገባው በስሕተት አንዱ ቢጫ ሆኖ ታተመ። በ1880ዎቹ ዓመታት አንድ ተማሪ ይህን ቴምብር በአያቱ ቤት ከነበሩ አሮጌ ደብዳቤዎች መካከል አገኘና ለአንድ ቴምብር ነጋዴ በ7 ክሮነር ሸጠው። ያ ቴምብር በ1996 ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። እኔ ይህን ባሰብሁ ቁጥር ለልጁ አዝን ነበር። ሰባት ክሮነር ቆጥሮ የሰጠውን ነጋዴም "ምንኛ ጨካኝ ሰው ነው!" እለው ነበር። ነጋዴው ግን ያን ጊዜ የቴምብሩን የኋላ ዋጋ ሊያውቅ አይችልም ነበር። እኔ ያደረግሁትን ስታነቡ ከሁለታችን ማን እንደሚብስ ፍረዱ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ዳግማዊ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም ያዘዙት በ1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች በፓሪስ ታተሙ፤ አራቱ አነስተኛ ዋጋ ያላቸው የንጉሠ ነገሥቱን ምስል፣ ሦስቱ ከፍተኛ ዋጋ ያላቸው የይሁዳን አንበሳ የያዙ ነበሩ። ኢትዮጵያ ወደ ዓለም የፖስታ ኅብረት የገባችው በ1901 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት ወደ ውጭ የሚላክ ደብዳቤ በባሕር በር ያለውን የፈረንሳዮችን ቴምብር ጭምር ይፈልግ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ብዙዎቹ ደብዳቤ ሳይነኩ በቀጥታ ወደ አውሮፓ ሰብሳቢዎች እጅ ገቡ። ስለዚህ ያልተሠራበት የምኒልክ ቴምብር እንደምናስበው ውድ አይደለም። ውድ የሆነው በእውነት መንገድ የሄደው፣ በፖስታው ላይ እንደ ተለጠፈ ከነማኅተሙ የተገኘው ነው። አታላዮችም ይህን ስለሚያውቁ ቴምብሩ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ማኅተሙን ሐሰተኛ ያደርጉታል።

እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት በነጻ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. ንግሥት ዘውዲቱን፣ አልጋ ወራሽ ተፈሪን፣ የዱር አራዊትንም የሚያሳዩ ያማሩ ቴምብሮች ወጥተው ነበር። አንድ ሻጭ እነዚህን አሳየኝና በመቶ ብር ገዛኋቸው። በኋላ የሚያውቅ ሰው ጀርባቸውን ገልብጦ ሲያይ ሙጫው ቡናማና የተሰነጣጠቀ ሆኖ አገኘው፤ የጥንቱ ሙጫ ግን ነጭና ለስላሳ ነው። የገዛሁት ኋላ ደግመው ያተሙትን ኖሯል። ከዚያ ወዲያ "የተታለልሁትን ከሌላ ሰው እመልሳለሁ" የሚል ክፉ ሐሳብ በልቤ አደረ። አንባቢ ሆይ፣ የተበደለ ሰው በዳዩን ባያገኘው ብድሩን ከየዋሁ ላይ ሊወስድ እንደሚፈልግ ልብ በል።

በ1972 ዓ.ም. ለፋሲካ ወደ አሰላ ሄድሁ። በሠፈራችን አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ ባላቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። አሮጌ ወረቀት እንደምፈልግ ከእናቴ ሰምተው ኖሮ ጠሩኝ። ቡና አፍልተው ካጠጡኝ በኋላ ከሣጥናቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ሰጡኝ። ፈትቼ ባየው ልቤ ዘለለ። ከሐረር ወደ አዲስ አበባ የተላከ፣ የምኒልክ ምስል ያለባቸው፣ በላያቸውም ተጨማሪ ጽሕፈት የታተመባቸው ሁለት ቴምብሮች የተለጠፉበት ፖስታ ነው። ማኅተሙ ቴምብሩንና ፖስታውን አንድ ላይ ረግጦ ይታያል።

ፊቴን እንደ ምንም አድርጌ፣ "እማማ፣ ይህ ያረጀ ነገር ነው፤ ቢሆንም ለማስታወሻ ብወስደው ሠላሳ ብር ልስጥዎ" አልኋቸው።

"ለባዶ ፖስታ ሠላሳ ብር! እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ" ብለው መረቁኝ። ከዚያም ፖስታውን ከእጄ ወስደው በውስጡ ያለውን ደብዳቤ ቀስ አድርገው አወጡና፣ "ይህ ግን ይቆየኝ፤ የአባቴ ደብዳቤ ነው። ባሌ በሕይወት ሳሉ በዓመት በዓል ያነቡልኝ ነበር፤ እርሳቸው ከሞቱ ወዲህ ያነበበልኝ የለም። እስቲ ሳትሄድ አንብብልኝ" አሉኝ።

እኔ ግን ልቤ በፖስታው ላይ ነበረ። ሐሳባቸውን ይለውጡ እንደሆነ ብዬም ፈራሁ። "አውቶቡሱ ያመልጠኛል እማማ፤ ሌላ ጊዜ መጥቼ አነብልዎታለሁ" ብዬ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር አውቶቡሱ ሊነሣ ገና ሁለት ሰዓት ይቀረው ነበር።

አዲስ አበባ እንደ ደረስሁ ፖስታውን ቴምብር በመሰብሰብ ወደሚታወቁ አንድ አዛውንት ወሰድሁት። በአጉሊ መነጽር ብዙ ጊዜ ከመረመሩት በኋላ፣ "እውነተኛ ነው። የምትሸጠው ከሆነ ዘጠኝ መቶ ብር እሰጥሃለሁ" አሉኝ። ይህ የሦስት ወር ደመወዜ ነበር። ገና ደስታዬን ሳልጨርስ፣ "ደብዳቤውሳ የት አለ? ፖስታ ከነደብዳቤው ሲገኝ ይበልጥ ይከበራል፤ ማን ለማን፣ ለምንስ እንደ ጻፈው ይታወቃላ" ብለው ጠየቁኝ።

በሚቀጥለው ወር እንደገና ወደ አሰላ ተሳፈርሁ። በመንገድ ላይ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ለደብዳቤው ሃያ ብር ይበቃቸው ይሆን? ወይስ እንደ ፖስታው ሠላሳ ይጠይቁኝ?" እያልሁ እቆጥራለሁ። አውቶቡሱ ናዝሬትን አልፎ፣ ዴራንና ኢተያን ተሻግሮ ወደ ደጋው ሲወጣ፣ የቁሉምሳ ማሳ በግራና በቀኝ ሲታይ፣ ያን ውብ አገር ዐይኔ አላየውም።

በራቸውን ሳንኳኳ ባልቴቲቱ ወጥተው አዩኝና ፊታቸው በራ። "መጣህልኝ! ልታነብልኝ መጣህልኝ! እኔስ የከተማ ሰው ሆነሃል፣ ቃልህን ትረሳለህ ብዬ ነበር" አሉኝ።

በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተሰድቤአለሁ፤ እንደዚያ ምስጋና ግን ያሳፈረኝ ስድብ የለም። ለማታለል የሄድሁት ሰው እንደ ቃል አክባሪ ተቀበሉኝ።

ደብዳቤውን አምጥተው በእጄ ሰጡኝ፤ በርጩማም ስበው ከፊቴ ተቀመጡ። የተጻፈው በ1898 ዓ.ም. ነው። ሰውየው ከሐረር ለወንድማቸው የጻፉት ነበር። ሰላምታ አስቀድመው፣ በጤና መሆናቸውን፣ የቡናው ንግድ መቀዝቀዙን ይናገራሉ። ከዚያ፣ "የልጂቱ ክርስትና ሳልደርስ እንደሚያልፍ ዐውቄአለሁ። ሁለት ጠገራ ብር በመጣው ሰው እጅ ሰድጄአለሁና ቀሚስ ግዙላት። ስታድግ አባትሽ አልረሳሽም ነበር በሏት" ይላል። ያነበብሁላቸውም ሴት ልጂቱ ራሳቸው ነበሩ። አባታቸው ከሐረር ሳይመለሱ በመንገድ ታመው እንደ ሞቱ፣ መልካቸውንም እንዳላዩት ነገሩኝ። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ "እስቲ ከ'ልጂቱ' ጀምረህ ድገምልኝ" አሉኝ። ሦስት ጊዜ አነበብሁላቸው።

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልቻልሁም። የፖስታውን ዋጋ፣ አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ እንዳልነበረ፣ አሁንም የመጣሁት ደብዳቤውን በርካሽ ልወስድ መሆኑን አንድ በአንድ ነገርኋቸው። ይቈጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ጥቂት ጊዜ ዝም ብለው አዩኝና፣ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ለቅመሃልና ግድ የለም" ብለው ሳቁ። ፖስታውን እንዲመልሱ ብሰጣቸው አልቀበልም አሉ። እኔም አዛውንቱ የገመቱትን ዘጠኝ መቶ ብር አሟልቼ፣ ከሰጠኋቸው ሠላሳ ብር በላይ የቀረውን በሁለት ጊዜ ከፈልኋቸው። በገንዘቡ የቤታቸውን ጣሪያ በቆርቆሮ አስለወጡ። ከዚያ በኋላ በአራት ፋሲካ ወደ አሰላ እየሄድሁ አነበብሁላቸው። ሲያርፉም ፖስታውን ለልጃቸው ሰጥቼ ደብዳቤውን በውስጡ መለስሁበት። በዚህ ንግድ ያተረፍሁት ብር የለም፤ ነገር ግን ካጠራቀምሁት ሁሉ ብልም ሆነ አይጥ ያልነካብኝ እርሱ ነው።

ውድ ወጣቶች ሆይ፣ አትሰብስቡ አልላችሁም። ቴምብርም ቢሆን፣ አሮጌ ገንዘብም ቢሆን፣ የተጫዋች ሥዕል ያለበት ካርድም ቢሆን ሰብስቡ፤ ትዕግሥትንና ታሪክን፣ ዕቃን በንጽሕና መያዝንም ያስተምራል። ሆኖም አራት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ ነገ አንድም ሰው ባይገዛችሁ እንኳ በማግኘታችሁ ደስ የሚላችሁን ነገር ብቻ ሰብስቡ። ሁለተኛ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ተማሩ፤ ሻጭ የሚያስተምረው ትምህርት ውድ ነውና። ሦስተኛ፣ ለእንጀራና ለትምህርት የሚሆነውን ገንዘብ ዋጋው በሰው ምኞት በሚወጣና በሚወርድ ነገር ላይ አታውሉ። አራተኛ፣ እናንተ ዐውቃችሁ ባለቤቱ የማያውቅ እንደሆነ ዋጋውን ንገሩት። በእውቀት ማትረፍ ይገባል፤ በሌላው አለማወቅ ማትረፍ ግን ከኪስ ከመስረቅ የሚለየው እጅ ባለመግባቱ ብቻ ነው።

ለእኅቴ የልጅ ልጅም መልሴ ይኸው ነው። ካርዱን ለመግዛት ከማሰብህ በፊት በሠፈርህ ደብዳቤ የሚነበብለት አጥቶ የተቀመጠ ሽማግሌ ወይም ባልቴት እንዳለ ጠይቅ። ካለ፣ አውቶቡሱ ይመለጥህና አንብብላቸው።